«ሮቸስተርን የመሰለ ባል ይስጠኝ» ለምትሉ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች አንዱ ዓይነት ከዓመት ዓመት አይቀየርም። የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እንግሊዝኛዬን የማሻሽልበት ደህና የፍቅር መጽሐፍ ጠቁመኝ» ትላለች። «ጄን ኤር»ን እጠቁማለሁ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መልሱ ይመጣል፤ «ጨረስኩት! ሮቸስተርን የመሰለ ባል ይስጠኝ!» ከጎኑ ቀይ የልብ ምልክት ተደርድሮ።

ወንዶቹም አይቀሩም። የእነሱ ደግሞ ሂዝክሊፍ ነው። ስሙን ሂዝክሊፍ ብሎ ገጽ የከፈተ ልጅ አውቃለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ መልእክት በአንድ መስመር መልስ መስጠት ስላልቻልኩ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ረጅም ጽሑፍ የማይወድ ከዚህ ይመለስ፣ ቅር አይለኝም።

አቋሜን ላስቀድም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (ከ1837 እስከ 1901 ማለት ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሴቶች የጻፏቸው ታላላቅ ልብ ወለዶች የፍቅር መጽሐፍ አይደሉም። ፍቅር አለባቸው፣ ሞልቶባቸዋል። ጥያቄያቸው ግን «ትወደዋለች ወይ?» አይደለም። «እምቢ ብትል ምን ይቀራታል? እሺ ብላ ካገባችውስ በኋላ የሰውየው አመል ምን ያደርጋታል?» ነው የሚሉት። መውደድ ለእነሱ መነሻ ነው። ሰው የሚፈተነው ከዚያ ወዲያ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለማለት ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ያለ ሕጉ መጽሐፎቹ ግማሽ ናቸው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ስታገባ በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው መሆኗ ያበቃል። በእጇ ያለው ገንዘብ፣ ጌጧ፣ ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ ሁሉ የባሏ ነው። ሀብታም ቤተሰብ ልጁን ሲድር በጠበቃ ውል አስጽፎ የተወሰነ ንብረት በባለአደራ ስም ያስጠብቅላት ነበር፤ ድሃዋ ግን ይህም የላትም። ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ የራሷ ማድረግ የቻለችው በ1870 በወጣ ሕግ ነው፤ ንብረቷን በሙሉ በስሟ መያዝ የቻለችው ደግሞ በ1882ቱ። ፍቺስ? እስከ 1857 ድረስ ፈትቶ ሌላ ማግባት የሚቻለው ፓርላማው ለዚያ ሰው ለብቻው አዋጅ ሲያወጣለት ነበር። ከ1857 ወዲህ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ባል ሚስቱ ማመንዘሯን ካስረዳ ይበቃዋል፣ ሚስት ግን በምንዝሩ ላይ ሌላ በደል፣ ለምሳሌ ጭካኔ ወይም ጥሎ መጥፋት፣ ደርባ ማስረዳት አለባት። ልጆችም የአባት ናቸው። ካሮላይን ኖርተን የተባለች ደራሲ በ1836 ከባሏ ጋር ስትለያይ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወሰደባት። እናት ከሰባት ዓመት በታች ስላሉ ልጆቿ ፍርድ ቤት አቤት ማለት የቻለችው እሷ በጽሑፍ ወትውታ ወትውታ በ1839 ሕግ ከወጣ በኋላ ነው።

ሕጉ ክፉ ባል ያለባትን ብቻ አይደለም የሚነካው። ደራሲዋ ኤልዛቤት ጋስኬል ለአንድ ታሪኳ 20 ፓውንድ ተከፍሏት ባሏ ገንዘቡን ኪሱ እንደከተተው በ1850 ለወዳጇ በደብዳቤ ታወራለች። ባልየው ቄስ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ኪሱ መክተቱ ግን መብቱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር አንዲት ሴት «እሺ» ስትል ምን ላይ እየፈረመች እንደሆነ አስቡት። መውጫ የሌለው ቤት ነው። መውጫ የሌለው ቤት ከመግባቱ በፊት ሰው ምን ይጠይቃል? የባለቤቱን ዓይን ውበት ነው እንዴ?

አሁን ወደ ሮቸስተር እንምጣ።

ሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር»ን ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም በጥቅምት 1847 አሳተመችው። ጄን ወላጅ የሌላት፣ መልኳም እዚህ ግባ የማይባል ልጅ ናት። በዓመት 30 ፓውንድ እየተከፈላት የአንዲት ሕፃን አስተማሪ ሆና ሮቸስተር ቤት ትገባለች። ይዋደዳሉ። እውነተኛ ፍቅር ነው፣ አልክድም። እሳት ዳር ተቀምጠው እኩያ ለእኩያ ሲነጋገሩ፣ እሷ አሠሪዋን ሳትፈራው ሲቀር፣ እኔም ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ግን ሰውየው በዚያ መሀል ያደረገውን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ጄንን ለማስቀናት ብላንሽ ኢንግራም የምትባለውን ቆንጆ የሚያገባ መስሎ ሳምንታት ይከርማል። የአሮጊት ጠንቋይ ልብስ ለብሶ ልቧን ሊሰልል ይሞክራል። «አየርላንድ ሥራ አግኝቼልሻለሁ፣ ልትሄጂ ነው» እያለ ያስለቅሳታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስቱ በርታ ሜሰን እዚያው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎባት ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያን ቆመው «የሚቃወም ካለ» ሲባል ጠበቃው ባይነሳ ኖሮ ጄን ሳታውቅ ባለ ሚስት አግብታ ነበር። በሕግ ደግሞ ይህ ጋብቻ አይባልም፤ ምንም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ሳያያት የሚያልፋት ነገር አለች። ከሠርጉ በፊት ሮቸስተር ጄንን ሚልኮት ከተማ ወስዶ ሐርና ጌጥ ሊገዛላት ይጣደፋል። እሷ ደስ አይላትም፤ በገዛላት ቁጥር የምታንስ ይመስላታል። ያን ጊዜ ማዴይራ ደሴት የሚኖር አጎት እንዳላት ታስታውስና ትጽፍለታለች፤ ትንሽም ቢሆን የራሴ ገንዘብ ቢኖረኝ ብላ። ያዳናት ያ ደብዳቤ ነው! ደብዳቤው ሲደርስ የበርታ ወንድም አጎቷ ዘንድ ነበር። የሮቸስተርን ስም ሰማ፤ ሠርጉም በዚህ ምክንያት ቆመ። ጄንን ከዚያ ጉድ ያወጣት ፍቅሯ አይደለም፤ የራሷ ሳንቲም እንዲኖራት መፈለጓ ነው። ይህን ስናገር ሁሌ አንድ ሰው «ቲቸር አጋነንክ» ይለኛል። መጽሐፉ እነሆ፣ አውጥታችሁ እዩት።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው የመጽሐፉ ልብ። ሮቸስተር ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል። ደቡብ ፈረንሳይ ሄደን እንኑር፣ ማን ያውቀናል ይላታል። እሷም ትወደዋለች። ልብ በሉ፣ መውደዷ በአንዲት ጠብታ አልቀነሰም። ግን ስለ ቀድሞ ውሽሞቹ ሲያወራላት እንዴት እንደናቃቸው ሰምታለች፤ እኔም ነገ ከእነሱ አንዷ እሆናለሁ ብላ አሰበች። 20 ሽልንግ ይዛ ሳይነጋ ወጣች። ጥቅሏን ሠረገላው ላይ ረሳች፣ ሜዳ ላይ አደረች፣ ለአሳማ ሊደፋ የነበረ የቀዘቀዘ ገንፎ ለምና በላች። የዚያች ልጅ ጠባይ የታየው እሳት ዳር ስትስቅ አይደለም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው እምቢታዋ ደግሞ ጭራሽ ይረሳል። ሲንጅን ሪቨርስ የተባለ ቄስ አለ፤ መልከ መልካም፣ ንጹሕ፣ ነቀፋ የማይወጣለት። ለወንጌል ሥራ ሕንድ ሊሄድ ነውና «አግቢኝና እንሂድ» ይላታል። አይወዳትም፤ ለሥራው ትመቸዋለች፣ በቃ። ጄን እንደ እህት አብሬህ እሄዳለሁ፣ እንደ ሚስት ግን አልሄድም ትላለች። ሻርሎት ሁለቱንም በር ነው የዘጋችው፤ ፍቅር ኖሮት ክብር የሌለውንም፣ ሥርዓት ኖሮት ፍቅር የሌለውንም። ነገሩን ከራሷ ታውቀዋለች። በ1839 የጓደኛዋ የኤለን ነሲ ወንድም ሄንሪ፣ እሱም ቄስ ነው፣ በደብዳቤ ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ብላዋለች። የ22 ዓመት ልጅ ናት፣ ገንዘብ የላትም፣ ሌላ ጠያቂ ይመጣል የሚል ዋስትናም የላትም።

አንድ ነገር ግን እወቅሳታለሁ። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ራሷ ትከፍልላቸዋለች። በርታ ቤቱን አቃጥላ ከጣሪያ ወድቃ ትሞታለች። ጄን ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ትወርሳለች (ለአራት ተካፍለው 5,000 ይደርሳታል፤ ይህንንም ያካፈለችው በራሷ ፈቃድ ነው)። ሮቸስተር የዓይኑን ብርሃንና አንድ እጁን አጥቶ ትዕቢቱ ይበርዳል። ይህ ሰው ለጄን የሚሆን ባል እንዲሆን ስንት አደጋ አስፈለገ? «ሮቸስተርን የመሰለ ባል ይስጠኝ» የምትሉ፣ የትኛውን ነው የምትፈልጉት? ከቃጠሎው በፊት ያለውን ወይስ ከቃጠሎው በኋላ ያለውን?

ስለ ሂዝክሊፍ ብዙ አልልም፤ ኤሚሊ ብሮንቴ ራሷ ብላዋለችና። «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ውስጥ ኢዛቤላ ሊንተን የምትባል ልጅ አለች። ሂዝክሊፍን የልብ ወለድ ጀግና አድርጋ አስባ፣ ከላይ ሻካራ ከውስጥ ማር ነው ብላ አብራው ትኮበልላለች። በኮበለለችበት ሌሊት ትንሿ ውሻዋን ሰቀለባት። ካገባትም በኋላ፣ እንደ ጀግና ስላየችው በሰው ፊት ይሳለቅባታል። ማለትም ኤሚሊ ሂዝክሊፍን የሚያፈቅሩ አንባቢዎች እንደሚመጡ አውቃ መጽሐፉ ውስጥ ቀድማ አስገብታቸዋለች። ስሙን ለገጽህ ያደረግከው ወንድሜ፣ አንተም ያቺን ምዕራፍ ድገማት።

ከሦስቱ እህቶች ስሟ ብዙም የማይነሳው የታናሿ የአን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከሁሉም የደፈረችው እሷ ናት ባይ ነኝ። መጽሐፏ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» ይባላል፤ በ1848 የወጣ ነው። ያላነበባችሁት ብዙ ስለሆናችሁ ታሪኩን ዘርዘር ላድርገው።

ሄለን የ18 ዓመት ልጅ ናት፤ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። አርተር ሀንቲንግደን የሚባል ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ መልኩ ያማረ ወጣት ይመጣል። አክስቷ ትመክራታለች፤ ሰውየው አመል የለውም፣ ዓይንሽን ሳይሆን አእምሮሽን አስቀድሚ ትላታለች። ሄለን ሞኝ አይደለችም። ጥፋቱን ታያለች። የምትለው ግን እኔ አስተካክለዋለሁ ነው፤ ልቡ መልካም ነው፣ ያበላሹት ጓደኞቹ ናቸው፣ ጥሩ ሚስት ካገኘ ይመለሳል። «ሲያገባ ይታረማል» የሚለውን አባባል እኛም ስለምናውቀው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አገባችው። መጠጡ ባሰ። ጓደኞቹን ቤት ሰብስቦ ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣል። ከአንዱ ጓደኛው፣ ከሎርድ ሎውቦሮ፣ ሚስት ጋር በሄለን ጣሪያ ሥር ይማግጣል። ስትደርስበት ልጄን ይዤ ልሂድ አለችው፤ አይሆንም አላት። ከዚያ ወዲያ ሚስትነቷ የስም ብቻ ሆነ፣ በሯንም ዘጋችበት። እስከዚህ ድረስ ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው፤ ገና ሕፃን የሆነውን ወንድ ልጃቸውን ወይን ማጠጣትና መሳደብ ማስተማር ጀመረ፣ «ወንድ እንዲወጣው»። ጓደኞቹም ይስቃሉ። ሄለን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰነችው እዚህ ላይ ነው። ሥዕል ትስላለችና ሥዕል ሸጣ ልጇን ይዛ ልትጠፋ አቀደች። ባሏ ማስታወሻ ደብተሯን ነጥቆ አነበበ፤ ቀለሟንና ብሩሿን እሳት ውስጥ ጨመረው፣ ገንዘቧንም ጌጧንም ወሰደ።

ቀለሟን ማቃጠሉ ጭካኔ ብቻ አይደለም፣ ሕጉን አስታውሱ። ቀለሙ የእሱ ነው። ሥዕሉ ቢሸጥ ገንዘቡ የእሱ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1820ዎቹ ስለሆነ ያቺ የ1839ኟ ሕግ እንኳ ገና አልወጣችም፤ ልጁም የእሱ ነው። ሄለን በመጨረሻ ከሠራተኛዋ ከሬቸል ጋር ልጇን ይዛ ስትጠፋ በዚያን ጊዜው ሕግ ዓይን የሰው ንብረትና የሰው ልጅ ይዛ የጠፋች ናት። በሐሰት ስም እየኖረች ሥዕል እየሸጠች ልጇን ታሳድጋለች፤ ጎረቤትም ያማታል።

አሁን ደግሞ አን ምን እንዳደረገች ተመልከቱ። ሀንቲንግደን ከፈረስ ወድቆ፣ መጠጡም ጨምሮበት፣ ሊሞት ሲያጣጥር ሄለን ልታስታምመው ትመለሳለች። እዚህ ላይ «በቃ፣ ፍቅር አሸነፈ» ያልን እንደሆነ ተሳስተናል። ልጁን ላየው ሲላት መጀመሪያ ፈርምልኝ አለችው! ልጁ በእኔ እጅ እንደሚቆይ የሚል ወረቀት፣ ሬቸል ምስክር ሆና። ርኅራኄዋ እውነት ነው፣ ማታ ማታ እያነቃች ታስታምመዋለች፤ ግን ሁለተኛ በቃሉ አትታለልም። ይቅር ማለትና ማመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህች ወረቀት አድርጎ ያሳየኝ መጽሐፍ የለም።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሎርድ ሎውቦሮ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አግብቶ ይኖራል። ሄለንን ነፃ የሚያወጣት የባሏ ሞት ብቻ ነው። አን ይህን ስታደርግ ስብከት አልጨመረችበትም፤ ሁለቱን ባለትዳሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ዝም አለች።

ሻርሎት ይህን መጽሐፍ አልወደደችውም። አን በ1849 በ29 ዓመቷ ከሞተች በኋላ፣ በ1850፣ የርዕሰ ጉዳዩ ምርጫ ፈጽሞ ስህተት ነበር ብላ ጻፈች፤ እንደገና እንዲታተምም አልፈለገችም። ወንድማቸው ብራንዌል በመጠጥ ተጎድቶ በ1848 መሞቱን የሚያውቅ ሰው የሻርሎትን ሕመም ይረዳል። ቢሆንም የሮቸስተር ደራሲ የሀንቲንግደንን መጽሐፍ መሸሸጓ ያናድደኛል። ሻርሎት የሰውየውን አመል በእሳት አስተካከለችው፤ አን ደግሞ እሳትም አያስተካክለው አለች። «አመል ያወጣል ከመሀል» የሚለውን ተረት የምናውቅ ሰዎች ለየትኛዋ እንደምንፈርድ ግልጽ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ የሚሞተውን ባለትዳር ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ሀንቲንግደን ሞተ። በርታ ሞተች። በጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» ካሶቦን ልቡ ደክሞ ሞተ። በ«ዳንኤል ዴሮንዳ» (1876) ግራንድኮርት ባሕር ሰጥሞ ሞተ፤ ሚስቱ ግዌንዶሊን ሞቱን በልቧ ትመኝ ስለነበር የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ እያለች ትሰቃያለች። አንዳንድ ሰው ይህን የድርሰት ድክመት ይለዋል። እኔ የአገሩ ሕግ ነው እላለሁ። ደራሲዋ ገጸ ባሕርይዋን ከመጥፎ ትዳር ለማውጣት ፍርድ ቤት ልትወስዳት አትችልም፤ ያላት መሣሪያ ሞት ነው። ፈረስ፣ እሳት፣ ልብ ድካም፣ ባሕር፤ ዳኛው እነሱ ናቸው።

ወደ «ሚድልማርች» ልሻገር። በ1871 እና 1872 በስምንት ክፍል እየተቆራረጠ የወጣ ትልቅ መጽሐፍ ነው። እስካሁን ያነሳኋቸው መጽሐፎች ክፉ ባል ወይም አታላይ አፍቃሪ ነበረባቸው። ኤልየት የጠየቀችው ከዚያ የሚከብደውን ነው፤ ክፉ ሰው ከሌለስ? ሁለት ደህና ሰዎች ተጋብተው እንዴት ይጠፋፋሉ?

ዶሮቲያ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ትልቅ ነገር መሥራት የምትፈልግ ልጅ ናት። ካሶቦን የሚባል ዕድሜው የገፋ ቄስና ምሁር ታገባለች፤ የአማልክትን ተረት ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ የሚሆን መጽሐፍ እየጻፈ ነው። እውቀቱን አፈቀረች። ለጫጉላ ሮም ሄደው እሷ ብቻዋን ታለቅሳለች። ቀስ ብላ የምትረዳው መጽሐፉ መቼም እንደማያልቅ ነው፤ የጀርመን ሊቃውንት ነገሩን ቀድመው ሠርተውታል፣ ካሶቦን ግን ጀርመንኛ አያነብም። ሌላ ደራሲ ቢሆን ይህን ሽማግሌ መሳቂያ አድርጎ ይተወው ነበር። ኤልየት ግን ከመጽሐፉ መሀል ድንገት ታቆማለች፤ ሁልጊዜ የዶሮቲያን ብቻ ለምን? የእሱስ? ብላ ወደ ውስጡ ትገባለች። የምናገኘው አለመቻሉ ይታወቅብኝ ይሆን ብሎ ሲፈራ የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ ባደነቀችው ቁጥር ይፈራል፤ መጠየቅ ስትጀምር ደግሞ የባሰ ይፈራል። አስተማሪ ሆኜ ያን ገጽ ሳነብ የማውቃቸው ስንት ሰዎች ፊቴ ተደቀኑ መሰላችሁ! ፍርሃቱ ግን ንጹሕ አላደረገውም፤ በኑዛዜው ላይ ዶሮቲያ የዘመዱን ልጅ ዊል ላዲስሎን ካገባች ውርሱን እንድታጣ የሚል አንቀጽ አስገብቶ ሞተ። አዛኝነትና ፍርድ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይቆማሉ።

ሌላው ትዳር የሐኪሙ የሊድጌትና የሮዛሞንድ ነው። ሕክምናን አሻሽላለሁ ብሎ የመጣ ጎበዝ ወጣት ነው። ሮዛሞንድ የከተማው ቆንጆ፤ በተማረችበት ትምህርት ቤት ከሠረገላ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወረድ ሳይቀር አስተምረዋታል። ሊድጌት ስለ በሽታ ሲያጠና ያን ያህል ጠንቃቃ የሆነው ሰውዬ ሚስት ሲመርጥ አንገቷንና ሙዚቃዋን አይቶ ነው። እሷም የመረጠችው የዘመዶቹን ማዕረግ ነው። ሮዛሞንድ አትጮህም፣ አትሳደብም። እርጉዝ ሆና ፈረስ አትጋልቢ ይላታል፤ ዝም ብላ ትጋልባለች፤ ፅንሱ ይጨነግፋል። ዕዳ ሲያንቃቸው ቤቱን ለማከራየት ያዘውን ሥራ በስውር ታፈርሰዋለች። በሕግ ሁሉም ነገር የእሱ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ግን ማሸነፍ አልቻለም። በመጨረሻ የሀብታሞችን ሪህ እያከመ ጥሩ ገንዘብ አግኝቶ በ50 ዓመቱ ይሞታል፤ ራሱንም የሚቆጥረው እንደተሸነፈ ሰው ነው። የሮዛሞንድን ነገር ስታነቡ «ሴቶች ናቸው የጻፉት፣ ለሴት ያደላሉ» የሚለው ወሬ ይጠፋል።

በዚህ ሁሉ መሀል የምወዳት ግን ሜሪ ጋርዝ ናት። ስለ እሷ ሲጻፍ ብዙ አላይም። ፍሬድ ቪንሲ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ሰነፍ ነው፤ አንድ ሀብታም ዘመዱ ሲሞት እወርሳለሁ ብሎ የሚጠብቅ። የ160 ፓውንድ ዕዳ ላይ የሜሪን አባት ዋስ አድርጎ አስፈረመ፤ መክፈልም አቃተው። የሜሪ እናት ለልጇ ሙያ መማሪያ ያጠራቀመችው 92 ፓውንድ ሄደ፤ ከሜሪ ቁጠባም ተጨመረበት። ፍሬድ መጥቶ ስሜቱን ያወራል፤ እንዴት እንዳዘነ፣ እንዴት እንደተሰቃየ። ሜሪ የምታስበው ግን ስለ እናቷና ስለ ወንድሟ ነው። አትጮህበትም፣ አትተወውምም። ቁም ነገር ካልሠራህ አላገባህም፤ ሳታምንበት ቄስ ከሆንክም አላገባህም አለችው። ከዚያ ዓመታት ፈጀ። ፍሬድ ጭቃ እየረገጠ፣ መሬት መለካትና የሒሳብ መዝገብ መጻፍ እየተማረ፣ ከአባቷ ጋር ሠራ። ሄለን እኔ አስተካክለዋለሁ ብላ ገባች፤ ሜሪ ተስተካከልና ና ብላ ውጭ ቆመች። ልዩነቱ ይኸው ነው። እሷን ራሱ የሚያፈቅር ፌርብራዘር የሚባል ቄስ አለ፤ የፍሬድን ጉዳይ ሽማግሌ ሆኖ ይዞላት የሄደው እሱ ነው። ያን ምዕራፍ ሳነብ ዓይኔ ሳያረጥብ አያልፍም። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ወንዶች ሁሉ ትልቁ ፌርብራዘር ነው፤ ማንም «ፌርብራዘርን የመሰለ ባል ይስጠኝ» ብሎ ጽፎልኝ ግን አያውቅም።

ጋስኬልንም ላልፋት አልችልም፣ ባጭሩም ቢሆን። «ሰሜንና ደቡብ» (መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1855 ነው) ውስጥ ማርጋሬት ሄል የፋብሪካ ባለቤቱን ቶርንተንን መጀመሪያ ሲጠይቃት እምቢ ትለዋለች። መጨረሻ ላይ እሱ ሲከስር እሷ ወርሳ ሀብታም ሆናለች። የፍቅር ንግግር የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ማርጋሬት ከ18,000 ፓውንድ በላይ ላበድርህ፣ ወለዱም ከባንኩ ይሻለኛል እያለች ወረቀት ታገላብጣለች። ልቧ እየመታ! ከዚያ የበለጠ የፍቅር ትዕይንት አላውቅም። ጋስኬል ራሷ በ1865 ከድርሰቷ ባገኘችው ገንዘብ ለባሏ ሳትነግረው ቤት ገዛች፤ ልታስደስተው ነበር። እዚያው ቤት ውስጥ በዚያው ዓመት ሞተች።

እነዚህ ሴቶች ስለ ትዳር ሲጽፉ ከሩቅ ሆነው አይደለም። የጆርጅ ኤልየት እውነተኛ ስም ሜሪ አን ኢቫንስ ነው። ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር ከ1854 ጀምሮ እሱ እስከሞተበት 1878 ድረስ እንደ ባልና ሚስት ኖረች። ሉዊስ ሚስት ነበረው፤ ሚስቱ ከሌላ ሰው ልጆች ወልዳለች፤ እሱ ግን በሕጉ ሊፈታት አልቻለም። የኤልየት ወንድም አይዛክ ነገሩን በ1857 ሲሰማ ከእሷ ጋር መነጋገር አቆመ። ሉዊስ ጽሑፏን የሚያበረታታ፣ ክፉ ትችት እንዳታይ የሚከላከልላት፣ መጽሐፎቿ እንዲወለዱ ምክንያት የሆነ ሰው ነው፤ ወንድሟ ግን 23 ዓመት ዝም አላት። በ1880፣ ሉዊስ ከሞተ በኋላ፣ በ20 ዓመት የሚያንሳትን ጆን ክሮስን በቤተ ክርስቲያን አገባች። ያን ጊዜ አይዛክ የደስታ መግለጫ ጻፈላት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሞተች። ለአይዛክ 24ቱ ዓመት ትዳር አልነበረም፤ ሰባቱ ወር ግን ትዳር ነበር።

ዊል ላዲስሎን ግን አልወደውም። ዶሮቲያ ውርሱን ትታ፣ ከወላጆቿ ባገኘችው በዓመት 700 ፓውንድ ልኑር ብላ እሱን ማግባቷ ጀግንነት ነው፤ ሰውየው ግን ለዚያ ጀግንነት አይመጥንም፤ ፀጉሩን እየነሰነሰ ምንጣፍ ላይ የሚጋደም ልጅ ነው። በዚህ የምትከራከሩኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ኑ።

ማንበብ ለምትፈልጉ፦ ሁሉም ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ አሉ፣ በስልክም ይነበባሉ። በ«ሚድልማርች» አትጀምሩ፣ መጀመሪያው ይከብዳል። በአን ጀምሩ። የሄለን ማስታወሻ የሚጀምረው ከምዕራፍ 16 ነው፤ እስከዚያ ያለው የጊልበርት ትረካ ይጎተታል፣ ታገሱት። ሌላ ቦታ ርካሽ ቅጂ ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያውን እዩ፤ ሃልፎርድ ለሚባል ሰው በተጻፈ ደብዳቤ የማይጀምር ከሆነ ከድሮ ጀምሮ እየተቆረጠ ሲታተም የኖረው ስለሆነ አትግዙት።